ሳይቀመስ ስለሚሠራው ወጥ፤ የገና ማዕድ በቤት ውስጥ የሚታቀድበትና የሚሰናዳበት ሥርዓት

የልደት በዓል፣ በተለመደው ስሙ ገና፣ በክርስቲያን ቤቶች ዘንድ በታላቅ ማዕድ የሚከበር መሆኑ ለአንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ይህ ማዕድ በምን ዓይነት ዕቅድ እንደሚሰናዳ፣ ሥራው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስና አንዱ ሥራ ሌላውን የሚቀድምበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ በጽሑፍ ተብራርቶ የሚገኘው ጥቂት ነው። የተማረው ወጣት በበዓሉ ቀን ወደ ማዕዱ ይቀርባል እንጂ ወደ ጓዳው አይቀርብምና፣ ዕውቀቱ ከእናት ወደ ሴት ልጅ በእጅና በዓይን ብቻ ሲተላለፍ ኖሯል።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። የገና ወጥ የሚሠራው በጾም ቀን ነው፤ የሚበላው ግን ጾሙ ከተፈታ በኋላ ነው። ስለዚህ ወጡን የምትሠራው ሴት ራሷ ጾመኛ ናትና የሠራችውን አትቀምስም። ጨው ያንሰው እንደ ሆነ፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይል እንደ ሆነ፣ ሥጋው በስሎ እንደ ሆነ በምላሷ ሳታረጋግጥ ከዘመድና ከእንግዳ ፊት ታቀርበዋለች። ይህ እንዴት ይቻላል? መልሱ በዕቅዱ ውስጥ ይገኛል። ጠለቅ ብለን ስንመለከተው የገና መሰናዶ በሙሉ አንድ ሕግ የሚከተል ሆኖ እናገኘዋለን፤ ይኸውም መቀመስ ያለበት ነገር ሁሉ ገና ጾም ሳለ ተቀምሶ እንዲያልቅ፣ ቅቤና ሥጋ ከገባ በኋላ የሚቀረው ሥራ ግን በመለኪያ፣ በዓይን፣ በጆሮና በአፍንጫ ብቻ እንዲፈጸም ማድረግ ነው።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነን በአዲስ አበባ በየቤታችን ያየነውና ከእናቶቻችን፣ ከአክስቶቻችንና ከጎረቤት ባልቴቶች ጠይቀን የተረዳነው ነው። በሌላው የአገራችን ክፍል ልማዱ በዝርዝር ነገር ሊለይ ይችላል፤ ሕጉ ግን አንድ ዓይነት ጾም በሚጾምበት ቤት ሁሉ ያው ነው።

1. የበዓሉ ቀንና የጾሙ ወሰን

ማንኛውም ዕቅድ ከመጨረሻው ቀን ተነሥቶ ወደ ኋላ መቆጠር አለበት። ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። ነገር ግን በየ4 ዓመቱ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። ምክንያቱም ከመጋቢት 29 ቀን፣ ከብስራት በዓል፣ እስከ ልደት ያለው ጊዜ 9 ወርና 5 ቀን፣ ማለት 275 ቀን ሆኖ እንዲጠበቅ ነው። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን፣ ቁጥሩ እንዳይበዛ በሚከተለው ዓመት በዓሉ አንድ ቀን ቀድሞ ይውላል። በዚህም ምክንያት በእኛ አቈጣጠር ቀኑ ቢለዋወጥም በፈረንጆች ዘንድ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ቀን ላይ ይገጥማል። ይህን ያላስተዋለ ቤት በዘመነ ዮሐንስ ሊጡን አንድ ቀን ዘግይቶ ሊያቦካ ይችላል።

ከበዓሉ አስቀድሞ ያለው ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይጀመራል። ኅዳር 16 ቀን፣ ታኅሣሥም እስከ ዋዜማው 28 ቀን ሲደመር 44 ቀን ይሆናል። በእነዚህ ቀኖች ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ አይብና እንቁላል አይበሉም። የጾሙ መፍቻ ሰዓት የሌሊቱ ቅዳሴ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ይህም በብዙ አጥቢያዎች ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ወጡ መድረስ ያለበት ለማግስቱ ምሳ ሳይሆን፣ ሰዎች ብርድና እንቅልፍ ይዟቸው ከቤተ ክርስቲያን ለሚመለሱበት ለዚያ ሰዓት ነው። ደግሞም ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ በቀኑ ይበላል እንጂ አይጾምም፤ ስለዚህ የሳምንቱ ቀን ዕቅዱን አይለውጠውም።

2. የሰው ቍጥርና የወጪ ዕቅድ

ቀኑ ከታወቀ ቀጥሎ የሚታሰበው ሰው ነው። የዶሮ ወጥ በባሕርዩ ለቍጥር የሚመች ምግብ ነው። አንድ ዶሮ በወጉ ሲበለት 12 ብልት ይወጣዋል፤ 12 እንቁላልም ይጨመርበታል። ለአንድ ሰው አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ይደርሰዋል ብለን ብናስብ፣ አንድ ዶሮ 12 ሰው ያስተናግዳል ማለት ነው። ነገር ግን የገና ማዕድ አንድ ጊዜ ብቻ አይቀርብም። የሌሊቱ መፈሰኪያ አለ፤ የቀኑ ምሳ አለ፤ እራት አለ፤ በማግስቱም «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት የሚመጣ ዘመድ አለ። በዚህ ምክንያት 6 ሰው ያለበት ቤት ጥቂት እንግዳ የሚጠብቅ ቢሆን 2 ዶሮ ያስባል።

ዶሮው ከታወቀ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል። ለአንድ ዶሮ በተለመደው ልክ 2 ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት፣ ከ200 እስከ 250 ግራም በርበሬ፣ 250 ግራም ያህል ንጥር ቅቤ፣ 2 ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል፣ ጥቂት ኮረሪማና መከለሻ ያስፈልጋል። እንጀራም እንዲሁ በሰው ይሰላል። ለ12 ሰው በየሰዉ 3 እንጀራ ቢታሰብ 36 ይሆናል፤ ለጎረቤትና ለነዳያን የሚሰጠው ሲጨመርበት ወደ 50 ይደርሳል።

የበሬ ሥጋ በቅርጫ ይገኛል። ጎረቤቶች ወይም የሥራ ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ይገዛሉ፤ በበዓሉ ጧት ይታረድና በመደብ በመደብ ይከፈላል። እያንዳንዱ መደብ ከታላቁም ከታናሹም ብልት፣ ከጮማውም ከቀዩም፣ ከጨጓራውም ከጉበቱም ድርሻ እንዲኖረው ተደርጎ ከተደለደለ በኋላ በዕጣ ይወሰዳል። ድልድሉን የሚሠራው ሰው የትኛው መደብ ለእርሱ እንደሚደርስ ስለማያውቅ ማበላለጥ አይጠቅመውም። ብዙ ሕግ ሳያስፈልግ ፍርድ የሚጠበቅበት መልካም ዘዴ ነው። ለእቅዱ የሚያስፈልገን ግን ሌላ ነገር ነው፤ የቅርጫው ሥጋ ከጧት በፊት ወደ ቤት ስለማይገባ፣ የሌሊቱ ማዕድ በዶሮ ላይ ብቻ መታመን አለበት።

ስለ ወጪው የምንለው፣ ገበያው በበዓሉ ዋዜማ የሚወደድ መሆኑን ማንም ያውቃል። ቅቤና እንቁላል ብዙውን ጊዜ በጾሙ መካከል ገዢ ስለሚያንስ ረገብ ይላሉ። ቅቤው ቀድሞ ተገዝቶ ቢነጠር አይበላሽም። ሽንኩርቱም በደረቅ ስፍራ ቢዘረጋ ለ2 ሳምንት ይቈያል። የመጨረሻው ሳምንት ግዢ ዶሮውና እንቁላሉ ብቻ እንዲሆን ማድረግ የሚቻል ነገር ነው።

3. ወደ ኋላ የሚቈጠሩ ቀኖች

የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው።

በርበሬው ከወራት በፊት ይሰናዳል። የተመረጠ ዛላ፣ ለምሳሌ የማረቆ፣ ተቀንጥሶ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላ፣ ከጤና አዳም ጋር ይደለዛል፤ ከደረቀ በኋላ ኮረሪማ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ ተጨምሮበት ይፈጫል። በነገራችን ላይ በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነውና ኮሎምቦስ በ1492 (በፈረንጆች አቈጣጠር) ወደዚያ ከመድረሱ በፊት በእኛ አገር ሊታወቅ አይችልም ነበር። ጾሙ ከቀዩ ወጥ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል ማለት ነው።

ጠጁ ከ3 ሳምንት ያህል በፊት ይጣላል። አንድ እጅ ማር በ3 እጅ ውኃ ተበርዞ በኋላ ጌሾ ይገባበታል። ጠላው ከ2 ሳምንት ያህል በፊት ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ፣ ጌሾውና አሻሮው በየተራቸው ይገባሉ። ቅቤው በመጨረሻው ሳምንት ይነጠራል። ቅቤ ሲነጠር ውኃው ተኖ ይወጣል፤ አሬራው ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ አብሹና እርዱ መዓዛቸውን በቅባቱ ላይ ይተዉለታል። ውኃና አሬራ የተለየው ቅቤ በቶሎ የማይበላሸው ስለዚህ ነው።

የጤፉ ሊጥ በእርሾ የሚቦካው ከመጋገሪያው 3 ቀን በፊት ነው። የታኅሣሥ ሌሊት በአዲስ አበባ እጅግ ይበርዳልና በክረምትም ሆነ በበጋ የለመደውን ቀን ብቻ የምትጠብቅ ሴት ሊጧ ሳይነሣ ሊቀርባት ይችላል። ልምድ ያላቸው እናቶች በገና አንድ ቀን ይጨምሩለታል፤ ወይም ቡኾ ዕቃውን ምድጃ አጠገብ ያኖሩታል። ከዚያም አብሲት ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ሲል፣ በዋዜማው ጧት እንጀራው ይጋገራል። ድፎ ዳቦውም በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከላይና ከታች እሳት እየተደረገበት በዚያው ቀን ይደርሳል።

አንባቢ ይህን ዝርዝር ቢያስተውል አንድ ነገር ያገኛል። በርበሬ፣ ጠላ፣ ጠጅ፣ እንጀራና ዳቦ ሁሉም የጾም ነገሮች ናቸው። ሁሉም ይቀመሳሉ፤ ጉድለታቸውም በጊዜው ይታረማል። የጠላው ጌሾ ቢያይል፣ የበርበሬው ማጣፈጫ ቢያንስ ለማረም ጊዜ አለ። እንግዲህ ከማዕዱ የሚበዛው እጅ አስቀድሞ በምላስ ተፈትኗል ማለት ነው። ሳይፈተን የሚቀረው የዋዜማው የዶሮ ወጥ ነው።

4. ዶሮውን ስለ ማሰናዳት

ዶሮው ዋዜማ ቀን ይታረዳል። ማረድ በልማድ የወንድ ሥራ ነው፤ ወንድ በሌለበት ቤት የጎረቤት ጎረምሳ ተጠርቶ በስመ አብ ብሎ ያርዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው በሙሉ በሴቶች እጅ ነው። ዶሮው በፈላ ውኃ ተነክሮ ላባው ይነጫል፤ የቀረው ጭገር በእሳት ይለበለባል። ቆዳው ተገፎ ሆድ ዕቃው ይወጣል። ሐሞቱ እንዳይፈርጥ መጠንቀቅ ያሻል፤ ከፈረጠ መራራው ሥጋውን ያበላሸዋል፤ ሳይቀመስ ለሚሠራ ወጥ ደግሞ ይህ ጥፋት እስከ ማዕዱ ሰዓት ድረስ ሳይታወቅ ሊቈይ ይችላል።

አበላለቱ የሙያ መመዘኛ ሆኖ ኖሯል። ታፋ፣ እግር፣ ክንፍ፣ መላላጫ፣ ፈረሰኛ፣ አንገትና ጀርባ እየተባለ አጥንት ሳይሰበር በመገጣጠሚያው ይለያል። ቢላዋው አጥንት ቢሰብር ስብርባሪው ወጡ ውስጥ ገብቶ በሚበላው ሰው ጉሮሮ ላይ አደጋ ያመጣልና ደንቡ ለጌጥ የተደነገገ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ብልቶቹ በሎሚና በጨው ውኃው ጥርት እስኪል ድረስ ደጋግመው ይታጠባሉ። ይህም የራሱ ጥቅም አለው። ደሙና ሽታው ይወጣል፤ ጨውና ሎሚውም ወደ ሥጋው በመጠኑ ይገባል። ወጡ ከደረሰ በኋላ የሥጋውን ጨው ለማረም የማይቻል ስለ ሆነ፣ ሥጋው ድርሻውን እዚህ ይወስዳል። እዚህ ላይ የምናሳስበው፣ ጥሬ ዶሮ የተበለተበት መክተፊያና ቢላዋ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ሳይታጠብ ለሌላ ምግብ እንዳይውል ነው።

5. ቁሌቱ

ወጡ የሚቆመው በሽንኩርቱ ላይ ነው። በዶሮ ወጥ ውስጥ ዱቄት አይገባም፤ መረቁን የሚያወፍረው የተቁላላ ሽንኩርት ብቻ ነው። ከሽንኩርት 10 እጅ ውስጥ 9 እጅ ያህሉ ውኃ ነው። 2 ኪሎ ሽንኩርት ደቆ ተከትፎ በደረቅ ድስት ላይ በለስላሳ እሳት ሲማሰል ውኃው ቀስ በቀስ ይተናል፤ የቀረው ስኳሩና ሥጋው እየተሰበሰበ ወደ ቡናማ መልክ ይለወጣል። ይህ በጥድፊያ አይሆንም። እሳቱ ቢበረታ ሽንኩርቱ ሳይበስል ያርራል፤ ያረረ ሽንኩርት ደግሞ የሚመለስበት መንገድ የለውም። በዋዜማው ጧት ሽንኩርት የሚጣደው ስለዚህ ነው።

ሽንኩርቱ ሲደርስ ጥቂት ዘይት፣ ቀጥሎም በርበሬው ይገባል። ውኃ ጠብ ጠብ እየተደረገ ለረዥም ጊዜ ይቁላላል። የበርበሬው ቀለምና ማቃጠል በውኃ የሚሟሙ አይደሉም፤ የሚሟሙት በቅባት ነው። ስለዚህ ቅባት ያልነካው በርበሬ ምንም ያህል ቢፈላ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ መልኩም አይፈካም። ውኃው የሚጨመረው እንዳያርር ለመከላከል ብቻ ነው። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉም በዚህ ጊዜ ይገባሉ።

የጽሑፋችን ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ይገኛል። እስከዚህ ድረስ በድስቱ ውስጥ ያለው ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬና ቅመም ነው፤ ማለት ቁሌቱ የጾም ምግብ ነው። ብልህ ባለሙያ ቅቤውን ከመጀመሪያ አታስገባም። ቁሌቱ የጾሙ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት ወዲያ፣ እንዲደርስላት አድርጋ ሽንኩርቷን ትጥዳለች፤ ያን ጊዜ በእንጀራ ጫፍ ትቀምሰዋለች። በርበሬው መብሰሉን፣ ጨዉ መጠኑን መያዙን፣ ዝንጅብሉ አለመብዛቱን ታረጋግጣለች። ጨዉንም በዚህ ጊዜ አለስልሳ ትተወዋለች፤ መረቁ ገና ስለሚሟሽሽና ሥጋውም የራሱን ጨው ይዞ ስለሚገባ ነው። ሌሊት የምትቈርብ ሴት ግን ቁሌቱንም አትቀምስም። በእርሷ ፈንታ እኅት ወይም ጎረቤት ትቀምስላታለች።

6. ከቅቤው በኋላ

ቅቤው ከገባ በኋላ ምላስ ከሥራው ይሰናበታል። የቀረው ሥራ በ4 ምልክቶች ይመራል።

አንደኛው መልክ ነው። ሥጋው ገብቶ ወጡ ቀስ ብሎ ሲንተከተክ በመጀመሪያ ቅባቱና ውኃው ተቀላቅለው ይታያሉ። ውኃው በበቂ ሲተን ቅባቱ ይለይና ቀይ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። ቅባቱ ከወጣ ትርፍ ውኃ አልቋል ማለት ነው፤ ይህን ለማወቅ መቅመስ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ውኃ የበዛበት ወጥ በፍጥነት ይፈላል፤ እየወፈረ የሄደው ግን ድምፁ ዝግ ይላል፤ በረጅሙ ጧ ጧ ይላል። ሌላ ሥራ ይዛ ሳለች «ወጡን አማስዪው፣ ሊይዝ ነው» ብላ ከጓዳ የምትጣራ እናት የሰማችው ይህን ድምፅ ነው።

ሦስተኛው ሽታ ነው። ጥሬ በርበሬ አፍንጫን ይሰነፍጣል፤ የበሰለው ግን ስንፈጣውን ትቶ ይጣፍጣል። ሰንጥቀው ቢያስረዱት የማይጨበጠውን ይህን ልዩነት እናቶች «ሽታው ይነግርሻል» በሚል አንድ ቃል ያልፉታል።

አራተኛው የማማሰያው መክበድና የሥጋው መላላት ነው። ማማሰያው ከድስቱ ሲወጣ መረቁ ሸፍኖት ቢቀር ወጡ ወፍሯል። ሥጋው ከእግሩ አጥንት ጫፍ ሸሸት ካለ በስሏል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ስለዚህ ሥጋም ሆነ እንቁላል ለመብሰል ከቆላው አገር የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ሁለተኛም የዶሮው ዓይነት ጊዜውን ይለውጠዋል። በግቢ ጭሮ ያደገው የሐበሻ ዶሮ ጠንካራ ስለ ሆነ ረጅም ሰዓት ይችላል። በተለምዶ የፈረንጅ ዶሮ የሚባለው የእርባታ ዶሮ ግን ለስላሳ ነው፤ እንደ ሐበሻው ቢጣድ ተፍረክርኮ ብልቱ ከብልት አይለይም። ስለዚህ ለእርሱ ቁሌቱ ፈጽሞ እስኪደርስ መጠበቅና ሥጋውን በመጨረሻ መክተት ይገባል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከመደብር ዶሮ ሲሠሩ የሚያጋጥማቸውም ይኸው ነው።

በመጨረሻ የተቀቀሉት እንቁላሎች ተልጠው፣ መረቁ እንዲገባባቸው በቢላዋ ጫፍ ጫር ጫር ተደርገው ይገባሉ። ኮረሪማውና መከለሻው ከእሳት ሊወርድ ሲል ይነሰነሳል፤ መዓዛው በቶሎ የሚተን ስለ ሆነ ቀድሞ ቢገባ ይጠፋል። ጾም ያልደረሰበት ሕፃን በቤት ካለ ጥቂት መረቅ በእንጀራ ይጐርሳል፤ ሁሉም ሰው ፊቱን ይመለከታል። ይህ ምስክርነት ግን ለጨው እንጂ ለሌላው አይበቃም፤ ለሕፃን በርበሬ ሁሉ ያቃጥለዋልና።

7. ማዕዱ ሲቀርብ

ከቅዳሴ መልስ መሶቡ ይቀርባል፤ ታላቅ ሰው ወይም ካህን ባለበት ካህኑ ዳቦውን ባርኮ ይቈርሳል። ወጡ በእንጀራው መካከል ይወጣል፤ አይቡም በርበሬውን እንዲያበርድ በአጠገቡ ይደረጋል። ፈረሰኛው በልማድ ለአባወራው ወይም ለተከበረው እንግዳ ይሰጣል። ሌላው ብልት በየማዕረጉና በየዕድሜው ይደርሳል። የመጀመሪያው ጉርሻ ከተጐረሰ በኋላ ያለችው አጭር ዝምታ ለሠራችው ሴት የፈተና ውጤት ናት። ሌላው ሰው ጾሙን ሲፈታ እርሷ ግን ጾሙንም ጭንቀቷንም በአንድ ጊዜ ትፈታለች ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ጤንነት ጥቂት እንበል። ለ44 ቀን ቅባት ያልለመደ ሆድ በአንድ ሌሊት ቅቤ፣ ሥጋ፣ እንቁላልና ጠጅ ሲወርድበት ይታመማል። በሌሊቱ ማዕድ ጥቂት ቀምሶ ዋናውን ለቀን ማቈየት ይበጃል። በቀን የሚቀርበው ክትፎና ጥሬ ሥጋም የኮሶ ትል ሊያስከትል ስለሚችል፣ ያልተመረመረ ሥጋ አብስሎ መብላት ይመረጣል። የተረፈው ወጥ በየቀኑ በሚገባ እየፈላ፣ ወይም በማቀዝቀዣ እየተቀመጠ መጠበቅ አለበት።

8. ማጠቃለያ፤ ድካሙ የማን ነው?

ከላይ እንዳስረዳነው የገና ማዕድ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ወራትን በሚወስድ መሰናዶ የቆመ፣ ስለ መፍላት፣ ስለ መትነንና ስለ ቅባት ጠባይ ትክክለኛ ዕውቀት ያለበት ሥራ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የቤት አያያዝ ትምህርት የሚሰጣቸው ልጃገረዶች የፈረንጆችን የገና ኬክ አሠራር ዱቄቱን በግራም፣ ምድጃውን በዲግሪ፣ ጊዜውን በደቂቃ ጽፈው ይይዙ ነበር። ያ መልካም ነው። ዳሩ ግን ኬክ የምትሠራው ሴት ሊጧን በጣቷ ልትቀምስ ትችላለች፤ መለኪያ በእውነት የሚያስፈልጋት መቅመስ የተከለከለችው የዶሮ ወጥ ሠሪ ናት፤ እርሷ ግን ሁሉን በልቧ ይዛ ትኖራለች። እርሷ ስታርፍ ልኩም አብሯት ያርፋል።

ስለዚህ 2 ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ልክ ይጻፍ። የቤቱ ጭልፋ፣ የቤቱ ብርጭቆ መለኪያ ይሁን፤ ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት ተጣደ፣ ቅቤው መቼ ገባ፣ ጨዉ ስንት ማንኪያ ነበረ፣ በማዕዱ ላይስ ምን ተባለ የሚለው በአንድ ደብተር ቢሰፍር፣ ዘንድሮ ያልተቀመሰው ወጥ ለከርሞ እንደ ተቀመሰ ይቈጠራል። መጻፉም ለተማረው ልጅ የሚስማማ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ድካሙ ይከፈል። በዋዜማው ሴቲቱ ከጧት ጀምራ እንጀራ ጋግራ፣ ዶሮ በልታ፣ ወጥ ሠርታ፣ ሌሊቱን ከቤተ ክርስቲያን ቆማ፣ ተመልሳ ደግሞ ታስተናግዳለች፤ ሁሉንም በባዶ ሆድ። በዚያው ሰዓት ወንዶቹ የሚሠሩት ዶሮ ማረድና በማግስቱ ቅርጫ መካፈል ነው። ሽንኩርት መክተፍ፣ እሳት መጠበቅ፣ እንቁላል መላጥ፣ ዕቃ ማጠብ ምንም የተለየ ሙያ አይጠይቅም፤ ወንድ ልጅም ይችለዋል። ወደ ጓዳ መግባት ነውር ነው የሚለው ልማድ ሊጠበቅ የሚገባው አይመስለንም።

በመጨረሻም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጃችን ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ተማሪዎች ስለሚገኙ፣ በየትውልድ ቦታቸው የገና ማዕድ እንዴት እንደሚሰናዳና ባለሙያዎቹ ሳይቀምሱ በምን ምልክት እንደሚመሩ ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ጠይቀው እንዲጽፉ እንጋብዛለን። የሚጠየቁትም እናቶች ዕውቀታቸው እንደ ዕውቀት ሲቈጠር ደስ እንደሚላቸው ከራሳችን እናቶች አይተናል።